ርካሽ ጎማ መቼ ይወደዳል?
ለአሮጌ የመስክ መኪና የአስፋልት ጎማ ስለ መምረጥ

በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ለመስክ ሥራ ከባሕር ዳር ተነሥተን ወደ ፍኖተ ሰላም እንጓዝ ነበር። የያዝነው መኪና ብዙ ዘመን ያገለገለ ባለ አራት ጎማ ጎታች የመስክ መኪና ነው። ቡሬን አልፈን ጥቂት እንደ ተጓዝን ከቀኝ የኋላ ጎማ በኩል ከባድ ድብደባ ተሰማ፤ መኪናውም ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረ። ሾፌራችን ፍሬኑን በድንገት ሳይረግጡ፣ መሪውን አጥብቀው በመያዝ ቀስ በቀስ ከመንገዱ ዳር አቆሙት። ወርደን ስናይ የጎማው የላይኛው ጥርስ ከአካሉ እንደ ቆዳ ተገፎ ተንጠልጥሏል። ጥርሱ ግን ገና አላለቀም ነበር።

ስኮርቱን ገጥመን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ አንድ ወጣት ጎሚስታ የተገፈፈውን ጎማ አገላብጦ ተመለከተና፣ «ጋሼ፣ ይህ ጎማ ስንት ዓመቱ ነው አሉኝ?» ሲል ሾፌራችንን ጠየቃቸው። «ገና ዓመት ቢሆነው ነው። የ13 ምርት ነው ብለው በርካሽ ሸጡልን» አሉት። ወጣቱም በጎማው ጎን ላይ 2213 ተብሎ የተጻፈውን በጣቱ እያሳየ፣ «13ቱ የእኛ አይደለም፣ ጋሼ፤ የፈረንጆቹ ነው» አላቸው።

ያን ዕለት ሁላችንም በሕይወት የተመለስነው በሾፌራችን ብልሃት ነው። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ በዕድል መዳን አይቻልምና፣ በዚህ ጽሑፍ ለአሮጌ የመስክ መኪና ዋጋው ተመጣጣኝ የሆነ፣ ነገር ግን ሕይወትን ለአደጋ የማያጋልጥ ጎማ እንዴት እንደሚመረጥ በሳይንስ መነጽር እንመለከታለን።

1. መኪናው የቆመው በምን ላይ ነው?

ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኝ መጠን መሆኑን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረናል። ከነተሳፋሪዎቹ 2,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና እንውሰድ። ክብደቱ በአራቱ ጎማዎች ላይ እኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ ጎማ 600 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ወደ 5,900 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ይሸከማል። የጎማው ነፋስ 2.2 ባር ወይም 220,000 ፓስካል ከሆነ፣ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት 5,900 ለ220,000 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይህም 270 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎን ለጎኑ 16 ሳንቲ ሜትር ተኩል ከሆነ አራት ማዕዘን ወረቀት አይበልጥም።

የጎማው ግድግዳ ራሱ ከሸክሙ ጥቂቱን ስለሚጋራ ስሌቱ ግምታዊ ነው። ሆኖም ፍሬን ስንይዝም ሆነ ስንታጠፍ፣ ነፍሳችንን የያዙት አራት ትናንሽ የጎማ ቁራጮች መሆናቸውን ያሳየናል። ለጎማ የሚወጣ ገንዘብ የሚከፈለው ለእነዚህ አራት ቁራጮች ነው።

2. በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ምን ይነግረናል?

በአንድ ጎማ ላይ «265/70 አር 16 112 ኤስ» የሚል ጽሑፍ አየን እንበል። 265 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 70 የግድግዳው ቁመት ከወርዱ 70 በመቶ መሆኑን ያመለክታል። «አር» የውስጥ ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው የተዘረጉበትን የራዲያል አሠራር ያሳያል። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 112 የመሸከም አቅም መለያ ሲሆን፣ ትርጉሙ አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው። «ኤስ» ደግሞ የፍጥነቱን ጣሪያ፣ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትርን ይወክላል።

ገዢዎች ብዙ ጊዜ «ቸርኬው ላይ ከገባ ይበቃል» ብለው ወርዱን ወይም ቁመቱን ለውጠው ይገዛሉ። እስቲ እናስላ። የ265/70 አር 16 ጎማ ሙሉ ዲያሜትር 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ245/70 አር 16 ግን 749 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ 3.6 በመቶ ነው። ለትልቁ ጎማ በተሠራ መኪና ላይ ትንሹ ሲገጠም፣ ቆጣሪው 100 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው በ96 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ የሚብሰው ሁለቱን መጠኖች ቀላቅሎ ከፊትና ከኋላ መግጠም ነው። በአራቱም ጎማ የሚጎተት መኪና ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት ሲዞሩ፣ ኃይል የሚያከፋፍሉት ጥርሶች ያለ ዕረፍት ይጨነቃሉ። በጎማ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ለካምቢዮ ጥገና ይከፈላል።

ስለዚህ ትክክለኛው መጠን፣ የመሸከም አቅምና የነፋስ ልክ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ መነበብ አለበት። በጎማው ጎን የተጻፈው የነፋስ መጠን ጎማው ሊችለው የሚገባውን ጣሪያ እንጂ ለመኪናው የሚስማማውን ልክ አያሳይም።

3. የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት

በጎማው ጎን «ዶት» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ከሚመጡት ፊደላትና ቁጥሮች መካከል የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የምርቱን ጊዜ ይናገራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። 2213 ማለት እ.ኤ.አ. የ2013 22ኛው ሳምንት ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2005 ዓ.ም. ነው። «ገና ዓመት ቢሆነው ነው» የተባለው ጎማ እኛ በተጓዝንበት ጊዜ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ይህ ስሕተት በአገራችን በቀላሉ የሚደርስ ነው፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር አለንና። ለማስታወስ የሚረዳ ቀላል ደንብ እነሆ። ሳምንቱ ከ1 እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀነሳል፤ ከ38 በላይ ከሆነ 7 ይቀነሳል። 37ኛው ሳምንት የዕንቁጣጣሽ ሰሞን በመሆኑ ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ያልተሠራበት ጎማ ለምን ያረጃል? እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ የላስቲኩ ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ እንዲቆላለፉ የሚያደርገውን ዘዴ አገኘ። እነዚህ ቁልፎች ጎማውን ጠንካራና ተለጣጭ ያደርጉታል። ኦክሲጅንና ኦዞን ግን ሰንሰለቶቹን ቀስ በቀስ ይበጥሳሉ፤ አዳዲስ ቁልፎችንም ይፈጥራሉ። ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ሒደቱን ያፋጥኑታል። በመጨረሻም ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ከውስጡ ካለው የብረት መረብ ጋር ያለው ትስስርም ይላላል። ጥርሱ ሳያልቅ የተገፈፈብን ጎማ ታሪክ ይኸው ነው። በርካታ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ ጎማው በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ስኮርቱም ቢሆን እንዲለወጥ ይመክራሉ።

4. የአስፋልት ጎማ ወይስ የገጠር ጎማ?

ለመስክ መኪና የሚሠሩ ጎማዎች በሦስት ይመደባሉ። የአስፋልት ጎማ ጥርሱ ጠባብ ቦይ ያለው፣ ድምፁ ዝቅተኛ ነው። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለ ለሁሉም መንገድ የሚሆን ነው።

ምርጫው የሚወሰነው መኪናው በብዛት በሚሄድበት መንገድ ነው። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ባሕር ዳር ድረስ አስፋልት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የሚመላለስ ሰው ለጭቃ ጎማ ከፍሎ የሚያተርፈው ጩኸትና ነዳጅ ፈጂነት ነው። በአንጻሩ ለረጅም ዘመን በጠጠር በኖረው በጢስ ዓባይ መንገድ ዓይነት፣ ስለታም ጥቁር ድንጋይ በበዛበት መሬት ለሚውል መኪና፣ ስስ ግድግዳ ያለው የአስፋልት ጎማ በጎኑ ሊቀደድ ይችላል። የመንገዱ ድርሻ እኩል ለእኩል ከሆነ የመካከለኛው ዓይነት ይመረጣል።

የነዳጁን ጉዳይ በቁጥር እንየው። የአስፋልት ጎማ የመንከባለል ሰበቃ መጠን 0.010፣ የሻካራው ጎማ 0.013 ነው ብለን እንነሣ። ለ2,400 ኪሎ ግራም መኪና ልዩነቱ 71 ኒውተን ያህል ኃይል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ ይህ 7.1 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ሞተሩ ከነዳጁ ኃይል ሩቡን ብቻ ወደ ጎማ ቢያደርስ፣ 28 ሚሊዮን ጁል ከናፍጣ መውጣት አለበት፤ ይህም ከሦስት አራተኛ ሊትር በላይ ነው። በ40,000 ኪሎ ሜትር 300 ሊትር ያልፋል።

5. ክረምት፣ ጥርስና ፍሬን

የምዕራብ ጎጃም ክረምት ለጎማ ከባድ ፈተና ነው። የጥርሱ ቦዮች ዋና ሥራ ውኃውን ከጎማው ሥር መጥረግ ነው። ጥርሱ ሙልጭ ያለ ጎማ ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ በፍጥነት ሲሄድ፣ ከመሬት ተለይቶ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በናሳ በአውሮፕላን ጎማ ላይ ከተካሄዱ ጥናቶች በተገኘው ቀመር መሠረት፣ ይህ የሚጀምርበት ፍጥነት በሰዓት በኪሎ ሜትር 6.35 ሲባዛ በነፋሱ ግፊት (በኪሎ ፓስካል) ዳግም ዘር ነው። በ2.2 ባር ወደ 94 ኪሎ ሜትር፣ ነፋሱ ወደ 1.5 ባር ሲወርድ ግን 78 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የነፋስ ማነስ አደጋውን ያቀርበዋል ማለት ነው።

ከመንሳፈፍ በታች ባለ ፍጥነትም ቢሆን ልዩነቱ ትልቅ ነው። መኪናው በ80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬን ቢያዝ፣ የሰበቃ መጠኑን ለምሳሌ በደረቅ መንገድ 0.7፣ በእርጥብ መንገድ ለጥሩ ጥርስ 0.5፣ ለተላጠ ጎማ 0.3 ብንወስድ፣ መኪናው ለመቆም በቅደም ተከተል 36፣ 50 እና 84 ሜትር ይፈልጋል። ቁልቁለቱ 7 በመቶ ከሆነ የመጨረሻው ወደ 109 ሜትር ያድጋል። እረኛ ከብቶቹን እየነዳ አስፋልቱን በሚያቋርጥበት አገር እነዚህ ሜትሮች የሰው ሕይወት ናቸው። የብዙ አገሮች ሕግ ዝቅተኛውን የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ቢያደርገውም፣ ለክረምት 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መለወጥ ብልህነት ነው።

6. ከደብረ ማርቆስ እስከ ዓባይ በረሃ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የከባቢው አየር ግፊት በዚያ 0.75 ባር ያህል ነው። በማለዳ፣ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጎማውን 2.2 ባር ነፋን እንበል። መለኪያው የሚያሳየው ከከባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ እውነተኛው ግፊት 2.95 ባር ነው። ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ የጎማው አየር 50 ዲግሪ ቢደርስ፣ በጋዝ ሕግ መሠረት እውነተኛው ግፊት 2.95 ሲባዛ በ323 ሲካፈል ለ283፣ ማለትም 3.37 ባር ይሆናል። በሸለቆው ያለው የከባቢ አየር ግፊት 0.89 ባር ገደማ ስለሆነ መለኪያው 2.48 ያሳያል።

ይህን ያየ ሾፌር «በዝቷል» ብሎ ከጋለ ጎማ ነፋስ ቢያስተነፍስ ይሳሳታል፤ ሲቀዘቅዝ ልኩን አያገኝምና። ነፋስ ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ግድግዳው በብዛት ይታጠፋል፤ መታጠፉም ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም የላስቲኩንና የብረቱን ትስስር ያላላል። ነፋስ መለካት ያለበት ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው።

7. ርካሹ የቱ ነው?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ዋጋን በብር ብቻ ሳይሆን በኪሎ ሜትር ማስላት ያስፈልጋል። ለስሌት ያህል፣ አንዱ ጎማ 12,000 ብር ተገዝቶ 30,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ሌላው 18,000 ብር ተገዝቶ 60,000 ቢሄድ፣ የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 30 ሳንቲም ያስወጣል። ውድ የመሰለው ረከሰ። ነገር ግን መኪናው በዓመት ጥቂት ብቻ የሚነዳ ከሆነ ጎማው ሳያልቅ ያረጃልና፣ እጅግ ረጅም ዕድሜ ላለው ጎማ ብዙ መክፈል ትርፍ የለውም። መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ምርቱ ቅርብ የሆነ ጎማ ይሻላል።

በአሮጌ መኪና ላይ አዲስ ጎማ ከመግጠም በፊት የአሮጌውን አበላል ማንበብ ይገባል። መካከሉ ብቻ ከተበላ ነፋስ በዝቷል። ሁለቱ ጠርዞች ከተበሉ አንሷል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ የጎማው አቅጣጫ ተዛብቷል። እዚህም እዚያም ከተቦረቦረ የንዝረት ማብረጃው ደክሟል ወይም ባላንሱ ተዛብቷል። መንሥኤው ሳይታከም የሚገጠም አዲስ ጎማ የአሮጌውን ዕጣ ይወርሳል።

ያገለገለ ጎማ መግዛት ግድ ከሆነም፣ ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ ሳይታይ አይገዛ። በግድግዳው ላይ እብጠት፣ ስንጥቅ ወይም ልጥፍ ያለበትን መተው ነው። ያለ ካላማዳሪ እንዲሠራ በተሠራ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪ ከትቶ ረጅም መንገድ መሄድም በሰበቃ ሙቀትን ስለሚጨምር አይመከርም። ገንዘቡ ለአራት ካልበቃ፣ ሁለት ተመሳሳይ ጎማዎች ገዝቶ በአንድ አክስል ላይ፣ ይልቁንም ከኋላ መግጠም ይሻላል፤ የኋላው ሲንሸራተት መኪናው ይሽከረከራልና። ይሁን እንጂ አራቱም ዘወትር በሚጎትቱበት መኪና ላይ የአዲሶቹና የአሮጌዎቹ ልዩነት የበዛ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።

ማጠቃለያ

ወደ ሱቅ ስንሄድ አራት ጥያቄዎችን እንያዝ፤ መጠኑና የመሸከም አቅሙ ከበሩ ሰሌዳ ጋር ይስማማል? በየትኛው ሳምንትና ዓመት ተሠራ? ለምንሄድበት መንገድ ይሆናል? በኪሎ ሜትር ስንት ያወጣል? ፍኖተ ሰላም ላይ ያገኘነው ወጣት እነዚህን ለማንበብ የሚያስፈልገው ጣቱና ዐይኑ ብቻ ነበሩ።

መልመጃ፦ በአንድ ጎማ ላይ 3519 ተጽፏል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየትኛው ወርና ዓመት ተመረተ? ቀጥሎም በአካባቢያችሁ የቆመ የአንድ መኪና አምስቱንም ጎማዎች፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አንብቡ፤ ከሁሉ ያረጀው የትኛው እንደ ሆነ ለባለቤቱ ንገሩ።