የማዳበሪያ መበተኛ ማሽን መጠኑን እንዴት ያውቃል?



ዩሪያ በእጁ የሚበትን ገበሬ ያያችሁ ወላጆች ታስታውሱታላችሁ፤ እግሩ ሲፈጥን እጁም ይፈጥናል፤ አፈሩ የደከመበት ቦታ ሲደርስ ጭብጡን ሞላ ያደርጋል። ዓይኑ ያያል፣ አእምሮው ይወስናል፣ ክንዱ ይታዘዛል። «ሒሳብና ፊዚክስ ምን ይጠቅሙናል?» ለሚሉ ተማሪዎቻችን መልስ እንዲሆን፣ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ አንድ ማሽን መርጠናል።

እንደ አፈሩ ሁኔታ መጠኑን እየለዋወጠ ደረቅ ማዳበሪያ የሚበትን መኪና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ተሠርቶ ነበር። ማዳበሪያው በትልቅ ሣጥን ይጫናል። ከሣጥኑ ሥር ያለው ማጓጓዣ ቀበቶ ማዳበሪያውን በጠባብ በር በኩል ወደ ኋላ ያወጣል፤ ሁለት የሚሽከረከሩ ዲስኮች ደግሞ ግራና ቀኝ ይበትኑታል። የበሩ ከፍታ ካልተነካ፣ የሚወርደውን መጠን የሚወስነው የቀበቶው ፍጥነት ነው።

የማሽኑ ክንድ ሃይድሮሊክ ነው። ፓምፕ ዘይትን በግፊት ወደ ሞተር ይልካል፤ ሞተሩም ቀበቶውን ያዞራል። በመሐል ያለው ቫልቭ በኤሌክትሪክ እየታዘዘ ሲሰፋ ብዙ ዘይት ያልፍና ሞተሩ ይፈጥናል፤ ሲጠብ ይዘገያል።

የማሽኑ አእምሮ ኮምፒዩተር ነው። ቦታውንና ፍጥነቱን ከጂፒኤስ፣ ለዚያ ቦታ የታዘዘውን መጠን ከአፈር ምርመራ ከተዘጋጀ ካርታ፣ የቀበቶው ዘንግ ስንት ዙር እንደዞረ ደግሞ ከሴንሰር ይቀበላል።

አሁን አብረን እናስላ። መኪናው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ በደቂቃ 200 ሜትር ይሄዳል። የሚበትንበት ስፋት 20 ሜትር ከሆነ፣ በደቂቃ 4,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 0.4 ሄክታር ይሸፍናል። ካርታው በሄክታር 150 ኪሎ ካዘዘ፣ በደቂቃ 60 ኪሎ መውረድ አለበት። ዘንጉ በአንድ ዙር 2 ኪሎ የሚያወርድ ከሆነ በደቂቃ 30 ዙር ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ሰጥቶ ዝም አይልም። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ጭነቱም ይለዋወጣል። ሴንሰሩ 28 ዙር ከቆጠረ ቫልቩ ሰፋ ይላል፤ 32 ከቆጠረ ጠበብ ይላል። ይህ ግብረ መልስ ይባላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ሴንሰሩ የሚቆጥረው ዙር ነው፤ ማዳበሪያውን አይመዝንም። ማሽኑ በዳፕ ተስተካክሎ ቀለል ያለው ዩሪያ ቢጫንበት፣ አንዱ ዙር 1.5 ኪሎ ብቻ ሊያወርድ ይችላል። ያኔ በደቂቃ የሚወርደው 45 ኪሎ፣ በሄክታር የሚደርሰው 112.5 ኪሎ ይሆናል። ስክሪኑ ግን «150» እያለ ይቀጥላል! የጎደለው የሚታወቀው ሰብሉ ቢጫ ሲሆን ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ የማዳበሪያው ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ዘንጉን 10 ዙር ያዞራል፤ የወረደውን ሰብስቦ ይመዝናል፤ ለ10 ያካፍልና አዲሱን ቁጥር ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል። ውድ ከሆነው ማሽን ጋር ተራ ሚዛን አብሮ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ነገሩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ለገበሬው ይሰጥ የነበረው ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል፣ ለሁሉም አፈር አንድ ዓይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ፣ የአንዱ አካባቢ አፈር የሚጎድለው ከሌላው እንደሚለይ በግልጽ ታይቷል። የአብዛኛው ገበሬ መበተኛ ዛሬም እጁ ቢሆንም፣ እጅም ቢሆን ትክክለኛ ልክ ይፈልጋል።

ወላጆች ሆይ፣ እኛ መምህራንም ከዚህ ማሽን የምንማረው አለን። የውጤት ካርድ እንደዚያ ስክሪን ነው፤ ልጁ ስንት ጥያቄ እንደመለሰ ይቆጥራል። ምን ያህል እንደገባው ለማወቅ ግን ቁጭ አድርጎ «እስቲ አስረዳኝ» ማለት ያስፈልጋል። እኛ በክፍል፣ እናንተ በቤት ይህን ሚዛን ደጋግመን እናውጣ።

ልጆች፣ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው፦ ስፋቱ 20 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር፣ ትእዛዙ በሄክታር 120 ኪሎ፣ አንዱ ዙር 1.5 ኪሎ ቢሆን፣ ዘንጉ በደቂቃ ስንት ዙር መዞር አለበት? መልሱን ከነአሠራሩ ለሒሳብ መምህራችሁ አሳዩ።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።