ትምህርት ዐሥራ አራት፦ የሰው ግስ፣ የአውሬ ባለቤት

አንበሳ ያገሳል፤ አህያ ያናፋል። «አንበሳው ደብዳቤ ጻፈ» ብትሉ ግን፣ የሰዋስው ስሕተት ሳትሠሩ አንባቢያችሁን ወደ ምናብ ዓለም አሻገራችሁት ማለት ነው። ግሱ የሰው፣ ባለቤቱ የአውሬ ሆኗልና። ይህ ዘዴ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ያለ ቁጥብነት ከተሠራበት ታሪኩን ቀልድ ብቻ ያደርገዋል።

ዲኖ ቡዛቲ የተባለው ኢጣሊያዊ ደራሲ ድቦች ሲሲሊን ስለ መውረራቸው የሚተርክ የልጆች መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። ሥዕሎቹንም የሣለው ራሱ ነው። በታሪኩ ውስጥ የድቦቹን ንጉሥ የሌዮንጺዮን ልጅ፣ ቶኒዮን፣ አዳኞች ይወስዱበታል። በረዶው በዝቶ ረኃብ በጸና ጊዜ ንጉሡ ሠራዊቱን አስከትሎ ከተራራ ወደ ሰዎች አገር ይወርዳል፤ ተዋግቶም ያሸንፋል። ልጁንም በቴአትር ቤት ትርኢት ሲያሳይ ያገኘዋል።

ድቦቹ በመጀመሪያ የፈጸሟቸውን ድርጊቶች ልብ በሉ፦ ተራቡ፣ ወረዱ፣ ታገሉ። እነዚህን ድብ ቢያደርጋቸው አያስደንቅም። አገሩን 13 ዓመት ከገዙ በኋላ ግን ግሶቹ ሌሎች ናቸው፦ ለበሱ፣ ሰከሩ፣ ቁማር ተጫወቱ፣ አሤሩ። ደራሲው «ጠባያቸው ተበላሸ» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ነገሩ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። እርሱ ግን ልብስ አለበሳቸው። ገላው ሁሉ ፀጉር ለሆነ ፍጡር ልብስ ምን ይረባዋል? ጥያቄውን የሚያነሣው አንባቢው ነው፤ ፊደል ያልቈጠረ ሕፃን እንኳ ከሥዕሉ ይረዳዋል።

በመጨረሻ ንጉሡ ከገዛ ሹሙ በተተኰሰ ጥይት ይቈስላል። ሊሞትም ሲል ድቦቹ ሀብቱን ሁሉ ትተው ወደ ተራራቸው እንዲመለሱ ያዛል፤ እነርሱም ይመለሳሉ።

ቡዛቲ እ.ኤ.አ. በ1939፣ በጠላት ወረራ ዘመን፣ የጋዜጣ ወኪል ሆኖ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ታሪኩን ከዚያ ቀድቶታል ለማለት አያስደፍርም። ይሁን እንጂ ወራሪ አሸንፎ የያዘውን አገር በገዛ ፈቃዱ ለቅቆ የሚሄድበትን ይህን ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንደ ሌላው ተረት በዋዛ አያልፈውም።

መልመጃ
ከገደል ወጥቶ ወደ ከተማ ስለ ገባ አንድ ጭላዳ ሁለት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ጭላዳ ሊፈጽማቸው የሚችሉትን ግሶች ብቻ ተጠቀሙ። በሁለተኛው ለሰው ብቻ የሚነገር አንድ ግስ አስገቡ፤ ከአንድ አታስበልጡ። «ተለወጠ» የሚለውን ግስ መጠቀም ክልክል ነው።