እንቆቅልሽ በእንግሊዝኛ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ በቆቦና በራያ ቆላ የሚማር ወጣት 9ኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክስንና ባዮሎጂን የሚረዳው በእንግሊዝኛ ችሎታው ልክ ይሆናል። ከክፍል ሲወጣ ግን በቤትም ሆነ በገበያ እንግሊዝኛ የሚናገርበት አጋጣሚ እምብዛም አያገኝም። ጨዋታ ይህን አጋጣሚ ሊፈጥር ይችላል።

ጨዋታውን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልህ?» እየተባባልን ነው ያደግነው። ይህንኑ ልማድ እንዲህ እንለውጠው። አራት ተማሪዎች ይቀመጡ፤ አንዱ ማሽላን በልቡ ይያዝ። ሌሎቹ በተራ በእንግሊዝኛ ይጠይቁ፦ «ኢዝ ኢት ኤ ፕላንት?» «ዳዝ ኢት ግሮው ኢን ኮቦ?» መልሱ «የስ» ወይም «ኖ» ብቻ ነው፤ የጥያቄው ብዛትም ከ10 አይበልጥ።

ጥቅሙ ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ በአማርኛ «ይበቅላል ወይ?» ስንል ግሡ መልኩን አይለውጥም። በእንግሊዝኛ ግን «ዳዝ» ከባለቤቱ ይቀድማል፤ «ግሮውስ» የነበረውም «ግሮው» ይሆናል። ይህን ሕግ መሸምደድ ብቻውን አይበቃም፤ ጨዋታው መልሱን ለማግኘት ሲባል ደጋግሞ ያሠራዋል።

ሁለተኛው ጥቅም ከማስታወስ ጋር ይያያዛል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት 56 በመቶውን አስታውሰዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ግን ብልጫው ለደጋሚዎቹ ነበር። ተጫዋቹም ቃሉን ከደብተር ሳይሆን ከአእምሮው ያወጣል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ የቀሩትን ነገሮች እኩል ለሁለት ቢከፍል 10 ጥያቄዎች 1,024 ነገሮችን ይለያሉ። በመሆኑም ብልህ ጠያቂ «ማሽላ ነው?» ብሎ አይጀምርም፤ ሕይወት ያለው ነው ወይስ የሌለው፣ ዕፅ ነው ወይስ እንስሳ እያለ ይመድባል። እነዚህ ደግሞ የባዮሎጂ መጽሐፉ ቃላት ናቸው።

ሆኖም ጎበዙ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ሌሎቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ተራ ይጠበቅ፤ የተሳሳተ ጥያቄም ተስተካክሎ እስኪደገም ድረስ መልስ አይሰጠው። ወረቀትም ገንዘብም አይጠይቅምና፣ በዕረፍት ሰዓት ከዛፍ ጥላ ሥር እንሞክረው።