የአያት ስምና የአያት ዜማ

በካፋ፣ በማንኪራ ጫካ ዳር ያደገ ልጅ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ምንዝላቱን ሳይደናቀፍ ይቆጥራል። «የእናትህ እናት እናትስ ማን ይባላሉ?» ሲባል ግን ይቸገራል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ማንም አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም። ለተማሪዎቼና ለወላጆቻቸው ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሐረግ መቁጠርንና የቤት ዜማ መያዝን አንድ ላይ እንድትጀምሩ እፈልጋለሁ። አባቶች ሲቆጠሩ የሚዘለሉት ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚገኙት በእሹሩሩው፣ በሠርጉ ዘፈንና በለቅሶው ውስጥ ነው።

አባት ለምን ይቆጠራል?

አባት መቁጠር ከንቱ ልማድ አይደለም። በካፋ ሰው በአባቱ በኩል የሚወርሰው ያሮ፣ ማለትም ጎሳ አለው፤ ከራስ ያሮ ማግባት ነውር ነው። በአማራው አገር ደግሞ ሽማግሌዎች ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በሁለቱም ዘንድ ቆጠራው የሚያገለግለው ለዛሬ ኑሮ ነው፤ ሳይታወቅ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ይጠብቃል።

ሌላው ምክንያት ጫካው ነው። በካፋና በሸካ ኮቦ የሚባል የቆየ የጫካ ይዞታ ልማድ አለ። አንድ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበትና ቡና የሚለቅምበት ክልል ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ማንኪራ በዴቻ ወረዳ፣ የቡና እናት እየተባለች የምትጎበኘው ዛፍ ያለችበት ስፍራ ናት፤ የካፋ ጫካም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ጫካ ውስጥ የአባትን አባት ማወቅ የትኛው ዛፍ የማን እንደሆነ ማወቅም ነው። ልጆች የአባት ቆጠራን ቶሎ የሚለምዱት ስለሚጠቅም ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ሒሳቡን ሥሩት። ሁለት ወላጆች አሏችሁ፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች። የአባት ቆጠራ ከስምንቱ አንዱን ብቻ ይሰጣችኋል። ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ስትወጡ 128 ቦታ አለ፤ ሰባት አባት የቆጠረ ልጅ እዚያ ደረጃ ላይ የያዘው አንዱን ነው። ደብተራችሁ ላይ ስምንት ሳጥን ሥላችሁ ስሞቹን ለመሙላት ሞክሩ። የሚጎድለው የት እንደሆነ ወዲያው ታያላችሁ።

የጽሑፍ መዝገብ የት አለ?

ብዙ ተማሪ «ቀበሌ ሄጄ ብጠይቅስ?» ይለኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ግን ያው ሕግ ራሱ ድንጋጌዎቹ ለጊዜው እንዳይሠሩ አደረገ። ጊዜው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ በመላ አገሪቱ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ስለዚህ የእናታችሁም የአያታችሁም ልደት በቀበሌ መዝገብ ላይ የመገኘቱ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። የተጠመቁ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን መጠየቅ ይቻላል።

ስለ ካፋ የተጻፉ መጻሕፍት አሉ። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 ካፋ ውስጥ ነበር። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 እና በ1909 መጥቶ ያየውንና የሰማውን በሁለት ጥራዝ አሳተመ። ስለ ካፊ ታቶ፣ ማለትም ስለ ቀድሞው የካፋ መንግሥት ንጉሥ፣ ስለ ሚክሬቾ አማካሪዎችና ስለ መንግሥቱ ልማድ ከእነዚህ ብዙ መማር ይቻላል። ጫካ ገብታ ቡና ስትለቅም፣ እንሰት ስትፍቅና ልጅ ስታሳድግ የኖረችው ቅድመ አያታችሁ ግን እዚያ ውስጥ የለችም። እሷን የምታገኙት በሕይወት ያሉትን ሰዎች ስትጠይቁ ነው።

ዕድሜ ስትጠይቁ

«ስንት ዓመትዎ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ አንድ ቁጥር ይነግሯችኋል፤ ቁጥሩን ስትይዙ የተወለዱበት ዘመን ያመልጣችኋል። በሚያስታውሱት ነገር ጠይቁ፦ «መሬት ላራሹ ሲታወጅ አግብተው ነበር?» አዋጁ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። «የታኅሣሥ ግርግር ሲሆን ልጅ ነበሩ?» ይህ 1953 ዓ.ም. ነው። ስለ ወላጆቻቸው ስትጠይቁ ጣሊያን የገባበትን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለውን ዘመንና የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን መነሻ አድርጉ። ከዚያም ወደ ኋላ በካፋ ሁሉም የሚያውቀው ወሰን አለ፦ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የተያዙበት እ.ኤ.አ. 1897። «ከጋኪ ሸሮቾ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ አንድን ስም ያለ ቦታው ከመቀመጥ ያድናል።

ፈረንጅ የጻፈውን ዓመት ከእኛ ጋር ስታገናኙ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ቀንሱ። የቱን አቆጣጠር እንደተጠቀማችሁ ሁልጊዜ ጻፉ። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ተደባልቀው ልጅ ከእናቱ በፊት የተወለደበት ደብተር አይቻለሁ።

አንድ ሰው፣ ብዙ ስም

አያታችሁ ቤት ውስጥ የሚጠሩበት ስም፣ የክርስትና ስማቸውና በመታወቂያቸው ላይ ያለው ስም ሦስት የተለያዩ ስሞች ሊሆኑ ይችላሉ። በካፋ ሐረግ ወደ ላይ ስትወጡ የአማርኛ ስሞች ያልቁና የካፊኖኖ፣ ማለትም የካፋ ቋንቋ ስሞች ይጀምራሉ፤ የካፋ መንግሥት መውደቅና ጥምቀት በስም ላይ የተዉት ምልክት ነው። ሁሉንም ጻፉ፣ አንዱንም አትሰርዙ። የካፊኖኖውን ስም በትምህርት ቤት በተማራችሁት የላቲን ፊደልም በግዕዝ ፊደልም ጻፉት፤ የላቲኑ የድምፁን ርዝመት ያሳያል፣ የግዕዙን ደግሞ ሌላ አገር ያለ ዘመድ ያነበዋል። ጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ የክርስትና እናትና አባት ሁሉ ቦታ ይሰጣቸው። በደም ብቻ የተሞላ ሥዕል ቤተሰቡ በእውነት እንዴት እንደኖረ አያሳይም።

ዜማ ውስጥ የሚቀመጠው

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን።

የአባት ቆጠራ በወንድ ሸንጎ የሚነገር ነገር ነው። የሴቶቹ ትዝታ የሚነገረው ሌላ ቦታ ነው፦ ልጅ ሲያባብሉ፣ ሙሽራ ሲሸኙ፣ ቆጮ ሲሠሩ፣ ሟች ሲያለቅሱ። ሙሽራ ስትሸኝ የምትሄድበት ቤትና የምትለያቸው ሰዎች ይነሣሉ። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የሟችን ወገን ትጠራለች፤ የሟችን እናት፣ እህት፣ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ እሱን። እሹሩሩ የምትልላችሁ አያት ዜማውን ከእናቷ ሰምታዋለች፣ እናቷም ከእናቷ። ስለዚህ ዜማውን ስትቀበሉ «ይህን ከማን ሰሙት?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ጥያቄ የእናት መስመር አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። «እሳቸውስ ከማን ሰሙት?» ስትሉ ሁለተኛው ይከተላል። ሐረግ እየጠየቁ ያልተገኘ ስም ዜማ እየጠየቁ ሲገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሰው በዜማው በኩል ሲጠየቅ ሴትዮዋን፣ ቤቱንና ምሽቱን አብሮ ያስታውሳል።

የቤት ቅጂን አትናቁ። የፒያኖዋ ሊቅ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ አዲስ አበባ በነበረው ቤታቸው እየዘመሩና ፒያኖ እየተጫወቱ ራሳቸውን በቴፕ ይቀዱ ነበር። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ እነዚያ ካሴቶች እ.ኤ.አ. በ2024 አልበም ሆነው ወጡ። ስቱዲዮ አልነበረም፣ ካሴቱ ግን ተርፏል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም በዚያ ዘመን ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ይልኩ ነበር። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ ሳይጣል ወደ ስልክ ይገልበጥ፤ የካሴት ክር ይበላሻል።

ቡና ላይ እንዴት ይቀዳል?

አንድ ቅጂ ብቻ እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ። ቡና ሲቆላ መቅዳት አትጀምሩ፤ ቡናው ብረት ምጣዱ ላይ ሲንሿሿና ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ ቃል አይሰማም። አቦልም ለሰላምታና ለጎረቤት ወሬ ነው። ቶና ሲቀዳ ሰዉ ይረጋጋል፣ ያን ጊዜ አስፈቅዱ፦ «እማማ፣ ድምፅዎን ብይዘው ይፈቅዱልኛል?» እሺ ይበሉም ይከልክሉም፣ መልሱን ተቀበሉ።

ስልኩን ከጀበናው ራቅ አድርጋችሁ የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ሲኒ ባስቀመጡ ቁጥር ይጮኻል። ጥሪ እንዳይገባ ኔትወርኩን አጥፉ። መጀመሪያ ራሳችሁ ተናገሩ፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሚናገሩትን ሴት ሙሉ ስም ከእናታቸው ስም ጋር። ይህን ያልተናገረ ቅጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ የማን ድምፅ እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ዝም በሉ። እማማ ሲያስቡ ዝምታውን በጥያቄ አትሙሉት፤ ስሙ የሚመጣው እዚያ ውስጥ ነው። ዘፈኑ መሃል ላይ ቢረሳቸው አትቀጥሉላቸው። እሳቸው የሚያስታውሱት ቅጥ ከእናንተ ይለያል፣ የሚፈለገውም የእሳቸው ነው።

ሲያልቅ ፋይሉን በስምና በቀን ሰይሙት። አንድ ግልባጭ በሜሞሪ ካርድ እናታችሁ ቤት፣ አንድ በፍላሽ ቦንጋ ወይም ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ውኃ ይገባዋል።

ዜማውን መልሶ መጫወት

ቅጂ ብቻውን ሳጥን ውስጥ ይረሳል። ዜማው በቤት እንዲኖር መጫወት አለበት። ለዚህ ክራር በቂ ነው፤ ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከሦስት እንጨትና ከዓሣ ማጥመጃ ክር ልጅ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ድሮ ክሩ ጅማት ነበር። ስድስት ክር ካሠራችሁ አምስቱ የዜማውን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው ከአምስቱ አንዱን በወፍራም ወይም በቀጭን ይደግማል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺሆዬ ቅኝት ስለተማራችሁ የአያታችሁን ዜማ ከአራቱ ወደ አንዱ አታስገቡት። የካፋ እናት የምታንጎራጉረው ድምፅ ከአራቱም ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ ክራሩን በእሳቸው ድምፅ ቃኙት፦ አንድ ድምፅ ይበሉ፣ ክሩ እስኪመስለው ድረስ አጥብቁ፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ሲጨርሱ ያገኛችሁትን ቅኝት በቅጂው ላይ አጫውታችሁ አስቀምጡ። ታናሽ እህታችሁም ትሞክረው፤ በብዙ ቤት ክራር ለወንድ ልጅ ብቻ የሚሰጠው ያለ ምክንያት ነው።

ማይክሮፎኑ የሚጠፋበት ጊዜ

በካፋ ሐረግ መጠየቅ ሰውን ሊያቆስል ይችላል። በካፋ ተገልለው የኖሩት የማንጆ ወገኖቻችን «የማን ልጅ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ከማዕድ ለመለየት ሲጠየቁ ኖረዋል። የካፋ መንግሥት ሲወድቅ በባርነት የተነዱ ብዙ ናቸው፤ የእነሱ ልጆች ሐረግ ከአንድ ስም በላይ የማይወጣው ሰው ስለቆረጠው ነው። ስለዚህ ማንም መምህር ተማሪ ሐረጉን በክፍል ፊት ቆሞ እንዲያነብ አያስገድድ፤ ብዛቱንም ለነጥብ አይጠቀምበት። የአንድ ስም ደብተር ከአሥር ስም ደብተር አያንስም።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ስልክ አታውጡ። ሙሾውን ከተዝካር በኋላ፣ ሐዘኑ ሲለዝብ አልቃሿን በቤቷ ጠይቋት። ቅጂ መሃል «ይህን አትጻፍ» ከተባላችሁ አጥፉት፤ የተቀዳውንም እሳቸው እያዩ ደምስሱት፤ በደብተሩ ላይ ያንን ሳጥን ክፍት ተዉት። ምክንያቱን አትጻፉ። ከዓመት በኋላ ራሳቸው ጠርተው ሊነግሯችሁ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ደብተሩንና ክራሩን ይዛችሁ ሂዱ።