ቀጣይዋ ሃይብሪድ ምን ይዛ ትምጣ?

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይላሉ አባቶቻችን። ስለ አዳዲስ መኪናዎች የሚጻፉ ጽሑፎችን ሳገላብጥ ይህ ተረት ደጋግሞ ይመጣብኛል። አንዱ ፍጥነት ይጨመርልን ይላል፣ ሌላው ሰፋ ያለ ስክሪን ይመኛል፣ ሌላው ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ጣሪያ ይጠይቃል። ለመሆኑ መኪናዋን በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት ይዞ የሚውለው ሾፌር ራሱ ምን ይፈልጋል? ከምኞቶቹ መካከልስ አብረው ሊሟሉ የሚችሉትና የማይችሉት የትኞቹ ናቸው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ምሳሌ መመልከት ነው። ምሳሌዬ ቶዮታ ፕሪየስ ናት። እሷን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በብዛት ተመርታ ለገበያ የቀረበች የመጀመሪያዋ ሃይብሪድ መኪና በመሆኗ፤ ሁለተኛ፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን ስላሉና ሃይብሪድ ለእነሱ የቅንጦት ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ በመሆኑ ነው። (የተለየ ማብራሪያ ካልተሰጠ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይብሪድ ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ዲቃላ» ይሆንና ስድብ ይመስላል። ከዚያ ይልቅ በበቅሎ ብንመስላት ይሻላል። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች ይባል የለ! ተራዋ ሃይብሪድም እንዲሁ ናት። ኤሌክትሪክን ትጠራለች እንጂ ጉልበቷ ሁሉ መነሻው የነዳጅ ታንከሯ ነው። ከግድግዳ ሶኬት ላይ ተሰክታ አትሞላም።

ታዲያ ነዳጅ የምትቆጥበው በምንድን ነው? ዋናው ነገር ፍሬን ነው። በተራ መኪና ፍሬን ሲያዝ መኪናዋን ይገፋ የነበረው ጉልበት በሙቀት መልክ ባክኖ ይቀራል። በሃይብሪድ ግን የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ከዚያ ጉልበት የተወሰነውን ወደ ባትሪ ይመልሳል። መኪናዋ መብራት ላይ ስትቆም የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል፤ ቀስ ብላ ስትነሳ ደግሞ በባትሪ ትንቀሳቀሳለች። ለዚህ ነው ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ከሚውለው ሾፌር ይልቅ በከተማ መሐል ቆም ሄድ የሚለው ባለታክሲ ይበልጥ የሚጠቀምባት። በተጨማሪም ፕሪየስ እንደ ተራ መኪና ፍሪሲዮንም ሆነ በደረጃ የሚቀያየር ካምቢዮ የላትም። ሁለቱን የኤሌክትሪክ ሞተሮችና የቤንዚኑን ሞተር የሚያገናኛቸው አንድ የጥርስ ስብስብ ነው። የፍሬን ሸራዋም ከተራ መኪና ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።

እስካሁን የትኛው ምኞት ተሟላ?

ፕሪየስ በጃፓን ለሽያጭ የቀረበችው በታኅሣሥ 1997 ሲሆን ዋጋዋ 2.15 ሚሊዮን የን ነበር። የልማት ቡድኑን የመሩት ኢንጂነር ታኬሺ ኡቺያማዳ ናቸው። በ2000 ወደ አሜሪካ ገበያ ገባች፤ በ2003 ሁለተኛው ትውልድ፣ በ2009 ሦስተኛው፣ በ2015 አራተኛው መጣ። አምስተኛው ደግሞ በኅዳር 2022 ለሕዝብ ታየ።

በእነዚህ ዓመታት የመጀመሪያው ምኞት፣ ማለትም የነዳጅ ቁጠባ፣ ደረጃ በደረጃ መልስ አግኝቷል። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት መለኪያ መሠረት አሜሪካ የገባችው የመጀመሪያዋ ፕሪየስ በሊትር ወደ 17.4 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። ሁለተኛዋ ወደ 19.6፣ ሦስተኛዋ ወደ 21.3 አደረሱት። የአምስተኛው ትውልድ ቆጣቢዋ ዓይነት ደግሞ ወደ 24.2 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ሂሳቡን ወደ ኪስ እንመልሰው። በቀን 300 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ባለታክሲ በመጀመሪያዋ 17.2 ሊትር ገደማ ያቃጥል ነበር፤ በአምስተኛዋ 12.4 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። በየቀኑ አምስት ሊትር ያህል ኪሱ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምኞት ጉልበት ነበር። «ዳገት ላይ ትለምናለች» የሚለው ቀልድ የድሮዋ ፕሪየስ መለያ እስከመሆን ደርሶ ነበር። አራተኛው ትውልድ 121 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው አምስተኛው አሜሪካ ውስጥ 194 ይዞ መጣ። ሦስተኛው ምኞት ትንሽ ቢመስልም ለብዙ ዓመታት የተጠየቀ ነው። ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ትውልድ የፍጥነት መቁጠሪያው የተቀመጠው ዳሽቦርዱ መሐል ላይ ነበር፤ በአምስተኛው ከሾፌሩ ፊት ለፊት መጣ።

ቆንጆ ትሁን ወይስ ሠራተኛ?

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ማንሳት ያስፈልጋል። አምስተኛው ትውልድ ሲታቀድ በወቅቱ የቶዮታ ፕሬዚዳንት የነበሩት አኪዮ ቶዮዳ ፕሪየስ ለታክሲ ሥራ የምትሆን መኪና ብትደረግስ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ቡድኑ ግን በሐሳቡ አልተስማማም። ሰው አይቶ የሚወዳት መኪና እንሥራ ብሎ ተከራከረ፤ የተሠራውም ይኸው ነው። መኪናዋ በእርግጥ አማረች። ጣሪያዋ ከበፊቷ በ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ አለ፣ የፊት መስታወቷ ተጋደመ።

ውበት ግን በነጻ አይመጣም። ጣሪያ ዝቅ ሲል ኋላ የሚቀመጠው ሰው ሲገባም ሲወጣም አንገቱን መስበር አለበት፤ የኋላ እይታም ይጠባል። ከዚህ የበለጠ የገረመኝ የጎማው ጉዳይ ነው። በሊትር 24.2 ኪሎ ሜትር የምትሄደው ባለ 17 ኢንች ቸርኬዋ ናት። ባለ 19 ኢንች ቸርኬና ተጨማሪ ምቾት ያላቸው ዓይነቶች ግን በዚያው ሞተር ወደ 22.1 ይወርዳሉ። በቀን 300 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ በዓመት ወደ 360 ሊትር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ሾፌሮች ከቀጣዩ ሞዴል የሚጠብቁት የመጀመሪያው ነገር ቀላል ነው፦ ምቾቱም ሆነ የደኅንነት መሣሪያው ከትልቅ ቸርኬ ጋር ታስሮ አይሸጥ፤ ትንሹን ጎማ የሚመርጥ ሰው ሌላውን ነገር አይከልከል።

ከሾፌሩ አፍ

ለዚህ ጽሑፍ በዋሽንግተን አካባቢ ያገለገለች ሃይብሪድ ይዞ ታክሲ የሚሠራውን የአክስቴን ልጅ በስልክ አነጋግሬው ነበር። ስለ ስክሪንና ስለ ፍጥነት ሳነሳበት ሳቀ። «አየሽ፣» አለኝ፣ «እኔ መኪና አልነዳም፣ መኪናዋ ናት እኔን የምታኖረኝ። እሷ ጋራዥ ገባች ማለት እኔም ቤቴ ቁጭ አልኩ ማለት ነው። አዲሷ ምን ይኑራት ካልሽኝ፣ ቶሎ የምትጠገን ትሁን በይልኝ።»

ከእሱ ጋር ካደረግነው ውይይት ሦስት ነገሮች ጎልተው ወጡ።

አንደኛው ባትሪ ነው። ብዙ ሰው ሃይብሪድን የሚፈራው «ባትሪዋ ከሞተ አለቀላት» ብሎ ነው። መረጃው ግን ፍርሃቱን ሙሉ በሙሉ አይደግፍም። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2011 ከ320,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደች የ2002 ፕሪየስ ፈትኖ የነዳጅ ፍጆታዋ ከአሥር ዓመት በፊት በአዲስነቷ ከተፈተነችው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። ቶዮታም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ ለሃይብሪድ ባትሪ የሚሰጠውን ዋስትና ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ከ8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ዓመት ወይም 240,000 ኪሎ ሜትር ከፍ አድርጎታል። ችግሩ የሚመጣው ዋስትናው ካለፈ በኋላ ነው። ባለታክሲ ደግሞ ከሌላው ሰው ቀድሞ እዚያ ይደርሳል።

የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ባትሪ 28 ሞጁሎች ተደርድረው የተሠራ ነው። አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ደህና ሆነው ሳለ መኪናዋ ማስጠንቀቂያ ታበራለች። ጎበዝ መካኒክ የደከመውን ለይቶ ሊቀይር ይችላል፤ ነገር ግን ሥራው ከፍተኛ ቮልት ያለበት በመሆኑ ሥልጠናና መሣሪያ ይጠይቃል። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው ደግሞ በኋላ ወንበር ጎን ነው። ያ ቀዳዳ በአቧራ ወይም በተሳፋሪ ዕቃ ከተደፈነ ባትሪው ይግላል፤ ሙቀት ደግሞ የባትሪ ጠላት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው የሾፌሮች ምኞት፦ የባትሪው ጤንነት በዳሽቦርዱ ላይ በግልጽ ቁጥር ይታይ፣ ማጣሪያው ያለ መፍቻ የሚጸዳ ይሁን፣ ሞጁሉም አንድ በአንድ በይፋ ይሸጥ።

ሁለተኛው ሌብነት ነው። በጭስ ማውጫ ቱቦው ላይ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት አሉበት። በ2021 የአንድ አውንስ ሮዲየም ዋጋ ከ25,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በሃይብሪድ ላይ የቤንዚን ሞተሩ ሁልጊዜ ስለማይሠራ ዕቃው ብዙም አይጎዳም፤ ሌቦችም ይህን ያውቁታል። በእነዚያ ዓመታት አሜሪካም እንግሊዝም ውስጥ ፕሪየስ በዚህ ስርቆት በብዛት ከተጠቁት መኪናዎች አንዷ ነበረች። ሌባው መኪናዋን ከፍ አድርጎ በመጋዝ ለመቁረጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ባለታክሲው ግን ዕቃው እስኪገኝ ቀናትን ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ሾፌሮች ከኪሳቸው የብረት መከላከያ እየገዙ ከሥር ሲያስበይዱ ቆይተዋል። «ይሄ ከፋብሪካው አብሮ ቢመጣ ምን ነበረበት?» የሚለው የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ለእኔም ትክክል ነው።

ሦስተኛው የመጠባበቂያ ጎማ ነው። ብዙ አዳዲስ መኪናዎች ክብደትና ቦታ ለመቆጠብ ሲባል በጎማው ምትክ አየር መንፊያና ማሸጊያ ፈሳሽ ይዘው ይወጣሉ። ይህ ሚስማር ለወጋው ጎማ ይሠራል፤ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ግን አይሠራም። ሌሊት ተሳፋሪ የጫነ ሰው ምን ያድርግ?

የምኞት ዋጋ

እስቲ ሌሎቹንም ምኞቶች እንመዝናቸው። «በሶኬት የምትሞላ ትሁን» የሚሉ አሉ። ይህ ምኞት በከፊል ተሟልቷል። በ2017 ሞዴል አሜሪካ የገባችው ባለ ሶኬት ፕሪየስ በኤሌክትሪክ ብቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድ ነበር፤ የ2023ቷ ወደ 70 አድርሳዋለች። ነገር ግን ትልቅ ባትሪ ክብደትና ዋጋ ይጨምራል፤ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ለሚኖርና የራሱ መሙያ ለሌለው ሾፌር ደግሞ ጥቅሙ ያነሰ ነው። «ድምፅ አልባ ትሁን» የሚሉም አሉ። ይህኛው ግን ለእግረኛ፣ በተለይ ለዓይነ ስውራን አደገኛ በመሆኑ በአሜሪካ በ2010 በወጣ ሕግ መሠረት አዳዲስ ሃይብሪዶችና የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ ተደርጓል። ስለዚህ የሾፌር ምኞት ሁሉ መሟላት አለበት ማለት አይደለም። መንገዱ የሾፌር ብቻ አይደለምና።

በሌላ በኩል ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ትልቅ ጥቅም የሚሰጡ አሉ። ጃፓን ውስጥ በሚሸጡ ሃይብሪዶች ላይ 1,500 ዋት የሚሰጥ የቤት ሶኬት የተለመደ ነው። መብራት ሲጠፋ መኪናዋ ለቤት ትተርፋለች። መብራት የሚጠፋበትን አገር ለምናውቅ ለእኛ ጥቅሙን ማስረዳት አያስፈልግም።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

አንዳንድ አንባቢ «እኛ ሃይብሪድ ጋ ሳንደርስ ኤሌክትሪክ መጣ» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ በጥር 2016 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታውቋል። ነገር ግን ከላይ የተነሱት ጥያቄዎች የኤሌክትሪክ መኪናንም የሚመለከቱ ናቸው። የባትሪው ጤንነት በቁጥር ይታያል ወይ? አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሙሉው ይጣላል ወይስ ይጠገናል? መካኒኩስ ሠልጥኗል ወይ? እነዚህን ሻጩን የሚጠይቅ ገዢ ያስፈልጋል፤ ገዢውን ወክሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛም ያስፈልጋል።

እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪነቴ ከዚህ ርዕስ ያገኘሁት ትምህርትም ይኸው ነው። ስለ አዲስ መኪና የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋን ለአንድ ሳምንት ተውሰው ይመልሷታል። እነሱ የሚያዩት አዲስነቷን ነው። አሥር ዓመት የያዛት ሰው ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ግን የሚጠይቀው የለም። ሁለቱም ምስክርነት ያስፈልገናል፤ አንዱን ብቻ ሰምተን ከጻፍን ግን የሻጭ ማስታወቂያ ጻፍን ማለት ነው።

ሁሉ አማረሽን ገበያ ባያወጧትም፣ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብትባል መልሷን ማዘጋጀት አለባት። እኔ ብጠየቅ ከፍጥነትም ከስክሪንም በፊት «ተበላሽታ የምትጠገን መኪና» እላለሁ። ባለ 194 የፈረስ ጉልበቷም ብትሆን ጋራዥ ከቆመች እንደ በቅሎዋ አጎቷን ከመጥራት በቀር የምትሠራው የለም።

ቸር ይግጠመን!