ቢሊ ጂን ኪንግ እና የ15,000 ዶላሩ ልዩነት

በዛሬው የስፖርት አምዳችን ስለ አሜሪካዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ቢሊ ጂን ኪንግ እንማራለን።

ቢሊ ጂን እ.ኤ.አ. በ1943 በካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ከተማ ተወለደች። አባቷ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያ ራኬቷን የገዛችው ለጎረቤት እየሠራች ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው። ግራንድ ስላም በሚባሉት አራቱ ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች በነጠላና በጥንድ ተጫውታ 39 ጊዜ አሸንፋለች።

በ1972 ዩኤስ ኦፕንን ስታሸንፍ የተሰጣት 10,000 ዶላር ነበር። በወንዶች ያሸነፈው ኢሊ ናስታሴ ግን 25,000 ወሰደ። እስቲ ቀንሱት! እሷም ሽልማቱ እኩል ካልሆነ በሚቀጥለው ዓመት እንደማትጫወት ተናገረች። በ1973 ሴት ተጫዋቾችን አሰባስባ የሴቶች ቴኒስ ማኅበርን መሠረተች። በዚያው ዓመት ዩኤስ ኦፕን ለሴትም ለወንድም እኩል ከፈለ። ዊምብልደን ግን እኩል የከፈለው በ2007 ነው። ያኔ እሷ መጫወት ካቆመች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ የተጠቀሙት ከእሷ በኋላ የመጡት ናቸው።

አንዳንድ ልጆች "የሴቶች ጨዋታ ተመልካች የለውም" ይላሉ። ተመልካቾቹ እኮ እኛው ነን! የሴቶች ቡድናችን ሲጫወት ስንቶቻችን ወጥተን እናያለን?