የሽማግሌዎች ጉባኤና የዓመቱ መዝገብ፦ የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር እስከ 1974 ውሕደት

ፕሪስቢቴሪያን የሚለው ስያሜ የእምነት አንቀጽ መጠሪያ ሳይሆን የአስተዳደር መጠሪያ ነው። ሉተራውያን በመምህራቸው ስም፣ ባፕቲስቶች በጥምቀት ሥርዓታቸው ሲታወቁ፣ ፕሪስቢቴሪያኖች የሚታወቁት ቤተ ክርስቲያናቸውን በሚያስተዳድረው አካል ነው። ቃሉ ሽማግሌ የሚል ትርጉም ካለው ከግሪክኛው «ፕሬስቢቴሮስ» የመጣ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ ከሚመስለው ይልቅ ቅርብ ነው፤ በግእዝ «ቀሲስ»፣ በአማርኛ «ቄስ» የሚባለው ቃል ከሱርስት የተወረሰ ሲሆን የመነሻ ፍቺውም ይኸው ሽማግሌነት ነው። እንግዲህ ቄስና ሽማግሌ በአንድ ጉባኤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በቋንቋ ታሪክ ረገድ አንድ ማዕረግ በሁለት ስም ተቀምጧል ማለት ይቻላል። የፕሪስቢቴሪያን ትምህርትም ከዚህ አይርቅም፦ የሚያስተምር ሽማግሌ አለ፣ የሚያስተዳድር ሽማግሌ አለ፣ በጉባኤ ግን ድምፃቸው እኩል ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ሥርዓት ይዞ የተቋቋመው አካል የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤቴል በምዕራብ ወለጋ ተወልዳ በ1947 ራሷን የቻለች፣ በ1974 ደግሞ ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር የተዋሐደች ትንሽ ቤተ እምነት ናት። (ወርና ቀን ወይም «ዓ.ም.» ካልታከለበት በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስለ ቤቴል የተጻፉት ጥናቶች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በወንጌል ስርጭቱ ታሪክ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ሌላ ጥያቄ ነው፤ አንዱ እርከን ሌላውን በየዓመቱ በመመርመር የሚቆም አስተዳደር፣ መርማሪና ተመርማሪ በሚተዋወቁበት ትንሽ ማኅበር ውስጥ እንዴት ሊሠራ ይችላል?

የዓመቱ ዙር

የሥርዓቱ መሠረት የአጥቢያው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ምእመናን ከመካከላቸው ሽማግሌዎችን ይመርጣሉ፤ ጉባኤውን ቄሱ በሊቀ መንበርነት ይመራል። አባላትን መመዝገብና ማሰናበት፣ የተጣሉትን ማስታረቅ፣ የአምልኮውን ሥርዓት መጠበቅ የዚህ ጉባኤ ሥራ ነው። ከእርሱ በላይ በአንድ አካባቢ ያሉ አጥቢያዎች ቄሶችና የተወከሉ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ፕሪስቢተሪ፣ ቀጥሎ ሲኖዶስ፣ ከሁሉም በላይ ጠቅላላ ጉባኤ ይገኛል። የእርከኖቹ መኖር ብቻውን ብዙ የሚያስረዳው ነገር የለም፤ እርከን የሌለው መሥሪያ ቤት የለምና። ሥርዓቱን ልዩ የሚያደርገው በእርከኖቹ መካከል በየዓመቱ የሚመላለሰው መዝገብ ነው።

የአጥቢያው ጸሐፊ የያዘው የቃለ ጉባኤ መዝገብ በዓመት አንድ ጊዜ ለፕሪስቢተሪው ይቀርባል። የተመደቡ አንባቢዎች ገጽ በገጽ ይመለከቱታል። የሚጠይቁት ውሳኔው ለእነርሱ ደስ ማሰኘት አለማሰኘቱን አይደለም፤ ሕጉን ተከትሎ እንደሆነ፣ ማስተዋልና ፍትሕ እንዳልጎደለው፣ በትክክል ተመዝግቦ እንደሆነ ነው። ምርመራው ሲያበቃ መዝገቡ ላይ «ጸድቋል» ወይም «ከሚከተሉት ነጥቦች በስተቀር ጸድቋል» የሚል ቃል ይሰፍራል። የፕሪስቢተሪው መዝገብ ደግሞ በበኩሉ ወደ ሲኖዶስ ይወጣል። ከመዝገቡ ጋር የዓመቱ ቍጥር ይቀርባል፦ ስንት ሰው ተጠመቀ፣ ስንት ሰው ሞተ፣ ስንት ሰው መሸኛ ይዞ ወደ ሌላ አጥቢያ ሄደ፣ ምን ያህል ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ለምን ዋለ። በጀት የሚጸድቀውም ኦዲተር የሚሰየመውም በዚሁ ዙር ነው።

ሁለት ደንቦች በተለይ ሊጤኑ ይገባል። አንደኛው የቄሱ አቋም ነው። ቄሱ የሚያገለግልበት አጥቢያ አባል አይደለም፤ አባልነቱ በፕሪስቢተሪው ነው። ምእመናን ይጠሩታል እንጂ ብቻቸውን አይሾሙትም፣ ብቻቸውንም አያሰናብቱትም። በዚህ ምክንያት አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ቄሱን ሊያባርረው፣ ቄሱም አጥቢያውን የግሉ ሊያደርገው እጅግ ይቸገራል። ሁለተኛው ደንብ በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን በ1697 የወጣው ነው፤ መሠረታዊ ሕግ የሚለውጥ ሐሳብ በጠቅላላ ጉባኤ ቢደገፍም ወደ ፕሪስቢተሪዎች ወርዶ የብዙኃኑን ይሁንታ ሳያገኝ አይጸናም። አንድ ጉባኤ በአንድ ሳምንት ስሜት ተነሣሥቶ ቤቱን እንዳይገለብጥ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲያሳድር ያስገድደዋል። የስኮትላንድ ጠቅላላ ጉባኤ ሊቀ መንበር ለአንድ ዓመት ብቻ መመረጡም ከዚሁ ጥንቃቄ የመነጨ ነው። ይሁንና ሊቀ መንበሩ ሲለዋወጥ ጸሐፊው ይቆያል፤ የጉባኤ ልምድ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የትኛው ውሳኔ የት እንደ ተጻፈ የሚያውቅ ሰው ካልተጻፈለት ሥልጣን በላይ ይሠራል።

የዚህ ሁሉ ግንባታ ምሰሶ አንድ ግምት ነው፤ መዝገቡን የሚመረምረው ሰው መዝገቡን ከጻፈው ሰው የተለየ ነው የሚል። በትልቅ ቤተ እምነት ግምቱ ይሠራል። ጥቂት አጥቢያዎችና ጥቂት ቄሶች ባሉት ቤት ግን በአጥቢያው ቃለ ጉባኤ ላይ የፈረመው ሽማግሌ በፕሪስቢተሪው ይቀመጣል፣ በሲኖዶሱም ይወከላል። በራሱ ጉዳይ ድምፅ አይስጥ ቢባል የሚቀሩት ሰዎች ቍጥር ለምርመራ አይበቃም። ሁለት አጥቢያዎች መዝገባቸውን ተለዋውጠው ይመርምሩ ቢባል ደግሞ ውጤቱ «እከክልኝ ልከክልህ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በትንሽ ቤተ እምነት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ የመጨረሻው መርማሪ ማን ነበር የሚለው ነው።

ሰዮ፦ መርማሪው ሲጠፋ

የሰሜን አሜሪካ የተባበረች ፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ1858 በፒትስበርግ የተመሠረተች ሲሆን፣ በግብፅ ከ1854 ጀምሮ በቀዳሚዎቿ የተጀመረውን፣ በሱዳን ደግሞ ከ1900 ወዲህ የተከፈተውን ሥራ ታካሂድ ነበር። ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ወደ ሰዮ የመጡት በ1919 ነው። ምክንያቱ በኢትዮጵያ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ያስከተለው ጭንቅና የአገረ ገዢው የደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ጥሪ ነበር። በደምቢ ዶሎ ሕክምና፣ ትምህርትና ስብከት በአንድ ጣቢያ ተሰባሰቡ። በሚሲዮን ጣቢያ ዙሪያ የሚያድግ ማኅበር ደግሞ፣ ሽማግሌዎች ቢኖሩትም እንኳ፣ የመጨረሻ ተጠሪነቱ ለሚሲዮኑ ነው። መርማሪው የውጭ ሰው ነበር ማለት ነው።

የጣልያን ወረራ ይህን አፈረሰ። ሚሲዮናውያኑ አካባቢውን ሲለቁ፣ ማኅበሩን የመምራቱ ኃላፊነት በአገሬው አገልጋዮች ላይ ወደቀ፤ ከእነዚህም መካከል ጊዳዳ ሶለንና ማሞ ጮርቃ ዋነኞቹ ነበሩ። ቄስ ጊዳዳ በልጅነታቸው በፈንጣጣ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሰው ናቸው። (በኋላ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ልጃቸው ናቸው።) በጽሑፍ መዝገብ ላይ በቆመ አስተዳደር ውስጥ ግንባር ቀደሙ መሪ ዓይነ ስውር መሆናቸው በዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ማኅበሩን በእነዚያ ዓመታት ያቆየው ሰነድ ሳይሆን በቃል የተያዘ ትምህርትና ሰዎች በሰዎች ላይ የነበራቸው እምነት እንደ ነበር ይጠቁማል። የአካባቢው ሕዝብም ነገርን በሽማግሌ መጨረስ አዲስ አልሆነበትም፤ በኦሮሞ ባህል የአገር ሽማግሌ፣ «ጃርሳ ቢያ»፣ ዳኝነትና ዕርቅ የሚጠበቅበት ሰው ነው። የጄኔቫና የኤዲንብራ ሥርዓት በሰዮ ሥር ለመስደድ ያልተቸገረው በከፊል ለዚህ ይመስላል።

ቤቴል በ1947 ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆና ስትቋቋም፣ በሕግ የተጻፈላት ነፃነት በጦርነቱ ዓመታት በተግባር የኖረችበት ነበር። አስተዳደራዊው ችግር ግን አሁን ፊት ለፊት ወጣ። ሚሲዮኑ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ሥራውን ቢቀጥልም፣ ራሷን ለቻለች ቤተ ክርስቲያን አጋር እንጂ የበላይ ጉባኤ ሊሆን አይገባም።

አዋጁና የዓባይ ማዶ

ቤቴል ትንሽ ሆና የቆየችበት አንዱ ምክንያት መልክዐ ምድራዊ ነው። ነሐሴ 21 ቀን 1936 ዓ.ም. የወጣው ሚሲዮኖችን የሚመለከተው ድንጋጌ አገሪቱን በሁለት ከፈላት፤ ሕዝቡ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ የሆነበት ክልልና ለሚሲዮን ስብከት ክፍት የሆነ ክልል። በመጀመሪያው ክልል ሚሲዮኖች የራሳቸውን ሃይማኖት ሳያስተምሩ በሕክምናና በመሰሉት ሥራዎች ብቻ ሊሠማሩ ይችሉ ነበር። ጎጃም ከዚህ ወገን ነው። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ዓባይን ሲሻገር፣ በዚያ ዘመን አንድ ተጓዥ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ሕግ ወደ ሌላ ይሻገር ነበር ማለት ነው። በወንዙ ወዲህ የደብር አለቃ፣ ገበዝና መሪጌታ፣ በወዲያ ደግሞ የተመረጡ ሽማግሌዎች ጉባኤ። ድንጋጌው ቤቴልን በምዕራብ ሲያቆያት፣ መሪዎቿ እርስ በርስ የሚተዋወቁ፣ በጋብቻና በትምህርት ቤት የተሳሰሩ ሆነው እንዲቀጥሉ ሳያስበው አግዟል።

የ1974 ውሕደት

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ሐሳብ ከጦርነቱ በኋላ ወዲያው ተነሥቶ ነበር፤ የአንድነቱ ውይይት በ1944 ሲጀመር የቤቴል ሰዎችም ተካፋዮች ነበሩ። ይሁንና መካነ ኢየሱስ በጥር 1951 ዓ.ም. በሉተራዊ እምነት መሠረት ስትመሠረት ቤቴል ውጭ ቀረች። (የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም የመጀመሪያውን ፓትርያርኳን ያገኘችው በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ነው፤ 1951 ዓ.ም. ለአገሪቱ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ታሪክ የተጨናነቀ ዓመት ነበር።) ከ15 ዓመት በኋላ በ1974 ቤቴል ስሟን በሲኖዶሶቿ ላይ እንደ ያዘች ገባች፤ የምዕራብ ወለጋ ቤቴል ሲኖዶስ የሚለው መጠሪያ እስከ ዛሬ የዚህ ምልክት ነው።

ውሕደቱ በብዛት የሚተረከው እንደ እምነት ስምምነት ነው፤ በአውሮፓ ሉተራውያንና ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት በ1973 በሎይንበርግ የደረሱበት ስምምነትም አብሮ ይነሣል። ዘመኑ ሌላም ግፊት ነበረው። የምሥራቅ አፍሪካ ፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ጆን ጋቱ በ1971 የውጭ ሚሲዮናዊና ገንዘብ ለጊዜው ይቁም ብለው ነበር፤ በ1974 ሉሳካ ላይ የተሰበሰበው የአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ጥሪውን አስተጋባ። ከአስተዳደር አንጻር ሲታይ ግን ውሕደቱ ለቆየ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የሰዮን መዝገብ የሚመረምር፣ ከሰዮ ሰው ጋር ያልተዛመደ፣ ነገር ግን ኢትዮጵያዊ የሆነ የበላይ ጉባኤ ተገኘ። ነገሩን ያቀለለው መካነ ኢየሱስ የስዊድን ሉተራውያንን የጳጳስ ሥርዓት አለመውሰዷ ነው። የምትመራው ጠቅላላ ጉባኤ በሚመርጠው ፕሬዚዳንትና በዋና ጸሐፊ ነው፤ በስሟ ሉተራዊት ብትሆንም በአካሄዷ ለሽማግሌዎች ጉባኤ ቅርብ ነበረች። ስለዚህ ቤቴል የከፈለችው ዋጋ ከአሠራሯ ይልቅ ከነፃነቷ የተቈረጠ ነበር፤ የራሷ የመጨረሻ ቃል አልቀረላትም።

አዲሱ አደረጃጀት በሰላም ጊዜ አልተፈተነም። አብዮቱ ፈነዳ፤ በምዕራብ ወለጋ በርካታ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በተዘጋ ቤት የቀረ መዝገብ አይመረመርም፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ወረራው ዘመን ያለ መርማሪ ቀሩ።

ከሰበካ ጉባኤ ጋር

በምዕራብ ጎጃም ለሚሠራ አጥኚ የቤቴል ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲን ስታወጣ፣ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በምርጫ የሚወከሉበት የሰበካ ጉባኤ ከአጥቢያ እስከ ወረዳ፣ ከሀገረ ስብከት እስከ መንበረ ፓትርያርክ ተዘረጋ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያኒቱ ይዞታዋን ስታጣ የቆመችው በዚህ መዋቅር ነው። በየዓመቱ ጥቅምት የሚደረገው አጠቃላይ የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ ሪፖርትና የገንዘብ ፈሰስ የሚሰማበት በመሆኑ፣ ከላይ ለተገለጸው የዓመት ዙር ቅርብ አምሳያ ነው።

ልዩነቱ የምርመራው አቅጣጫ ላይ ነው። በሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበሩ የተሾመው አስተዳዳሪ ነው፤ ምርመራውም ከላይ፣ በሊቀ ጳጳሱ ሥልጣን ይወርዳል። በፕሪስቢተሪ የሚመረምሩት እኩዮች ናቸው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለ የገጠር አጥቢያ ሒሳብ ሹሙ የገበዙ ወንድም፣ ተቈጣጣሪው የክርስትና አባት ሊሆን እንደሚችል ግልጽ ነው። ሙዳየ ምጽዋቱ ሲቈጠር የዘመድ ዓይን ዘመድን ያያል። ከላይ የሚወርድ ምርመራ ዝምድናውን ሊያቋርጠው ይችላል፤ ነገር ግን ሩቅ ነው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፣ የሚያየውም ገንዘቡን እንጂ ውሳኔው የተደረሰበትን መንገድ አይደለም። የእኩዮች ምርመራ መንገዱን ያያል፤ ግን ይራራል።

የትኛው የበለጠ እንደ ሠራ የሚታወቀው ከጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔዎች አይደለም፤ እነርሱ ሁልጊዜ የተስማሙ ይመስላሉ። ለንጽጽር የሚሆነው ማስረጃ በአጥቢያ ሣጥኖች ያለው ቃለ ጉባኤ ነው፤ በተለይም «በስተቀር» የሚለው ቃል የተጻፈባቸው ገጾች፣ የተሰረዙ ስሞች፣ በሁለት የተለያየ ቀለም የተፈረሙ የሒሳብ መዝጊያዎች። እነዚህ ወረቀቶች በብዙ ቦታ በጭቃ ቤት፣ በምስጥና በጭስ መካከል ተቀምጠዋል፤ ቀድመው ፎቶ መነሣትና በየዓመታቸው መዘርዘር ያለባቸውም እነርሱ ናቸው።